አባባልን ከእማኙ ጋር ማንበብ፦ በደብረ ታቦርና በደቡብ ጎንደር ትምህርት ቤቶች ሐቅ ነክ አባባሎችን ስለ መለየትና ስለ መመዘን

መግቢያ

በትምህርት ቤት የሚቀርበው የምንባብ ጥያቄ ብዙውን ጊዜ ተማሪው ጽሑፉ ያለውን መልሶ እንዲናገር የሚጠይቅ ነው፤ የተባለው ነገር እውነት መሆን አለመሆኑን፣ ጸሐፊውም ነገሩን ከየት እንዳወቀው የሚያስመረምረው ጊዜ ጥቂት ነው። «ሐቅና አስተያየት» በሚል ርእስ የሚሰጠው ልምምድም ዓረፍተ ነገሮችን በሁለት ረድፍ አስመድቦ ስለሚያበቃ፣ ተማሪው በ«ሐቅ» ረድፍ ያሰፈረውን ሁሉ እንደ ተረጋገጠ እውነት እንዲወስድ ያደርገዋል፤ ሐቅ መስሎ ለቀረበ ሐሰት ቦታ አያዘጋጅለትም።

ተማሪዎች በቴሌግራምና በፌስቡክ የሚዘዋወረውን ጽሑፍ ከመማሪያ መጽሐፋቸው አብልጠው በሚያነቡበት በዚህ ዘመን የዚህ ክፍተት ጉዳት ከባድ ነው። በ2012 ዓ.ም. የጥላቻ ንግግርንና የሐሰተኛ መረጃ ስርጭትን ለመከላከልና ለመቆጣጠር አዋጅ ቁጥር 1185 ወጥቷል፤ ኢትዮጵያ ቼክንና ሐቅ ቼክን የመሰሉ መረጃ አጣሪዎችም የተሳሳቱ ወሬዎችን እየተከታተሉ ያጋልጣሉ። ይሁን እንጂ ሕጉ የሚደርሰው ወሬው ከተነዛ በኋላ ነው፤ አጣሪዎቹም ከሚነዛው ውስጥ ጥቂቱን እንጂ ሁሉንም ሊያዳርሱ አይችሉም። የቀረው ሥራ የአንባቢው ስለሆነ፣ አንባቢውን ለዚህ ሥራ ማብቃት የትምህርት ቤት ግዴታ ነው።

የዚህ መጣጥፍ ዋና ሐሳብ፣ አንድ አባባል ሊመዘን የሚችለው ከእማኙ ጋር ሲነበብ ነው የሚል ነው፤ ይኸውም ማን እንዳለው፣ እንዴት እንዳወቀውና ሌላው እማኝ ምን እንደሚል አብሮ ሲጠየቅ ነው። ለዚህ ትምህርት የሚሆን መሣሪያ በደብረ ታቦርና በዙሪያዋ ባለው ደጋ በቅርብ ይገኛል፤ አንደኛው የአካባቢው ታሪክ ሲሆን፣ ሁለተኛው በአብነት ትምህርት ቤቶች የኖረው የምስክርነት ሥርዓት ነው።

ሐቅ ነክ አባባል ምን ማለት ነው

ሐቅ ነክ አባባል ሲባል እውነትነቱ ወይም ሐሰትነቱ በማስረጃ ሊታይ የሚችል አባባል ማለት ነው፤ በዚህ ትርጓሜ መሠረት ሐሰት የሆነ አባባልም ሐቅ ነክ ነው። «የጉና ተራራ ከፍታ ከ4,000 ሜትር ይበልጣል» የሚለውና «የጉና ተራራ ከራስ ዳሸን ይበልጣል» የሚለው ሁለቱም በልኬት የሚታዩ ስለሆኑ ሐቅ ነክ አባባሎች ናቸው፤ ሆኖም የመጀመሪያው እውነት፣ ሁለተኛው ሐሰት ነው። «ጉናን የሚያህል ያማረ ተራራ የለም» የሚለው ግን የተናጋሪውን ስሜት የሚገልጽ አድናቆት፣ «የጉና ተራራ ሊጠበቅ ይገባል» የሚለውም ምን ቢደረግ እንደሚሻል የሚናገር ምክር ነው። ምክሩ ራሱ በልኬት ባይታይም የቆመባቸው ምክንያቶች፣ ለምሳሌ ከተራራው የሚነሱ ወንዞች መጠን ቀንሷል የሚለው፣ ሐቅ ነክ ሊሆኑ ስለሚችሉ ተለይተው መመርመር አለባቸው።

እንግዲህ ሥራው ሁለት ደረጃ አለው። መለየት ማለት ከጽሑፉ ውስጥ በማስረጃ ሊታይ የሚችለውን ነቅሶ ማውጣት ሲሆን፣ መመዘን ማለት ለተነቀሰው አባባል የቀረበውን ማስረጃ ብርታትና ድካም መርምሮ ምን ያህል ሊታመን እንደሚገባ መወሰን ነው። ሁለቱን ማደባለቅ ተማሪው የሚስማማበትን ሁሉ «ሐቅ»፣ የማይስማማበትን ሁሉ «አስተያየት» ብሎ እንዲመድብ መንገድ ይከፍታል።

አንዱን ዓረፍተ ነገር መፍታት

የአማርኛ ዓረፍተ ነገር አሠራር ለዚህ ትምህርት የራሱ ችግር አለው። ማሰሪያ አንቀጹ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ፣ ከእሱ በፊት ብዙ ነገር በ«የ» ተያይዞ እንደ ታወቀ ጉዳይ ያልፋል፤ አንባቢውም ትኩረቱን ማሰሪያው ላይ ስለሚጥል በመንገድ ላይ የተጫነበትን ሳይመረምር ይቀበላል። ለክፍል ልምምድ እንዲሆን የተዘጋጀ የሚከተለው ዓረፍተ ነገር ነገሩን በቅርብ ያሳያል፦

«በጋፋት በአውሮፓውያን ባለሙያዎች እጅ የተሠራውና 7 ቶን ገደማ የሚመዝነው ሴባስቶፖል የተባለው ታላቅ መድፍ፣ ከደብረ ታቦር እስከ መቅደላ በሰው ጉልበት ተጎትቶ ከደረሰ በኋላ፣ በመጀመሪያው ተኩስ ፈንድቶ ከጥቅም ውጭ ሆነ ይባላል።»

በዚህ አንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ቢያንስ ስድስት ሐቅ ነክ አባባሎች አሉ፤ እነሱም የተሠራበት ቦታ፣ የሠሩት ሰዎች፣ ክብደቱ፣ ስሙ፣ የተጓጓዘበት መንገድና የመጨረሻ ዕጣው ናቸው። ተማሪው እያንዳንዱን በራሱ ማሰሪያ እንዲቆም አድርጎ፣ «መድፉ የተሠራው በጋፋት ነው»፣ «መድፉን የሠሩት አውሮፓውያን ናቸው» እያለ በየመስመሩ ሲጽፈው፣ በ«የተሠራው» እና በ«የሚመዝነው» ተሸሽጎ ያለፈው ሁሉ ለጥያቄ ይጋለጣል። «ይባላል» የሚለው ማሰሪያም ሌላ ጥያቄ ያስነሳል፤ ጸሐፊው ኃላፊነቱን ያወረደው ከመፈንዳቱ ወሬ ብቻ ነው ወይስ ከሁሉም? አጻጻፉ መልስ ስለማይሰጥ አንባቢው ስድስቱንም በየራሳቸው እማኝ ፊት ማቅረብ ይኖርበታል።

ጋፋት እንደ መማሪያ

ጋፋት ከደብረ ታቦር ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቃ የምትገኝ፣ ዐፄ ቴዎድሮስ ከአውሮፓ የመጡ የሚስዮን ባለሙያዎችን አስፍረው መድፍ ያስቀለጡባት ስፍራ ናት። የአካባቢው ተማሪ ስሟን ከልጅነቱ ጀምሮ ስለሚሰማ ብዙ የሚያውቅ ይመስለዋል፤ ስለ እሷ የተጻፉት ምንጮች ደግሞ በቅርበትም በዓላማም የሚለያዩ ስለሆኑ ለምዘና የተመቹ ናቸው።

የደብተራ ዘነብ ዜና መዋዕል በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን የተጻፈ ቢሆንም ትረካው የሚያቆመው በዘመነ መንግሥታቸው አጋማሽ ገደማ ስለሆነ፣ ለመጀመሪያዎቹ ዓመታት የቅርብ ምንጭ ሲሆን ለሴባስቶፖል ግን እማኝ ሊሆን አይችልም። አለቃ ወልደ ማርያም የጻፉት ታሪክ እስከ ንጉሠ ነገሥቱ ሞት ይዘልቃል፤ ነገር ግን የተጻፈው ከሞታቸው በኋላ ነው። በጋፋት ከነበሩት ባለሙያዎች አንዱ የሆነው ቴዎፊሎስ ዋልድማየር ሥራውን በዓይኑ ያየና በእጁ የተሳተፈ ነው፤ ይሁንና የራሱን ሕይወት የተረከ ሰው እንደመሆኑ፣ ሚስዮናዊ ሆኖ የጦር መሣሪያ መሥራቱን የማስረዳት ፍላጎት ሊኖረው ይችላል። ሔንሪ ብላንክና ሆርሙዝድ ራሳም ደግሞ በ1858 ዓ.ም. ማብቂያ ገደማ መቅደላ የገቡ የንጉሠ ነገሥቱ እስረኞች ስለነበሩ፣ ለመድፉ መድረስና በመቅደላ ለሆነው ነገር የዓይን እማኞች ሲሆኑ፣ በጋፋት ለተከናወነው የሴባስቶፖል ማቅለጥ ግን ሰሚዎች ናቸው።

ከዚህ የሚገኘው ትልቁ ትምህርት አንድ ምንጭ በጥቅሉ «ታማኝ» ወይም «የማይታመን» ተብሎ ሊፈረጅ እንደማይገባ ነው። ያው ጸሐፊ ለአንዱ አባባል የዓይን እማኝ፣ ለሌላው የሰሚ ሰሚ ስለሚሆን፣ ሚዛኑ ላይ የሚወጣው ጸሐፊው ሳይሆን እያንዳንዱ አባባል ነው። በዚህ መንገድ ሲታይ «በአውሮፓውያን እጅ የተሠራው» የሚለው አባባል ከፊሉን ብቻ የያዘ ሆኖ ይገኛል፤ በጋፋት ከአውሮፓውያኑ ጋር የሠሩና ሙያውን እንዲማሩ የተመደቡ ኢትዮጵያውያን ነበሩና። «ፈንድቶ ከጥቅም ውጭ ሆነ» የሚለውም ከጽሑፍ ውጭ የሆነ ማስረጃ ይገጥመዋል፤ በመቅደላ አምባ ላይ ሴባስቶፖል ተብሎ ለጎብኚ የሚታየው ግዙፍ መድፍ እስከ ዛሬ ስላለ፣ ፈንድቷል የሚል ሰው ያ መድፍ ምን እንደሆነ ማስረዳት አለበት። በአዲስ አበባ በቴዎድሮስ አደባባይ የቆመው ደግሞ ምስሉ እንጂ ዋናው መድፍ አይደለም፤ ስለዚህ ከአደባባዩ የተነሣ ፎቶግራፍ ስለ ዋናው መድፍ ሁኔታ ማስረጃ አይሆንም።

ዘመንና ቁጥር

ከሁሉ በላይ የተረጋገጠ የሚመስለው ቁጥር ያለበት አባባል ስለሆነ፣ ቁጥርን የመመርመር ልምድ ራሱን ችሎ ሊሰጥ ይገባል። የመጀመሪያው ጉዳይ የዘመን አቆጣጠር ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ ከደብረ ታቦር ተነሥተው ወደ መቅደላ ያደረጉት ጉዞ፣ በመቅደላ አጠገብ የተደረገው የእሮጌ ጦርነትና ሚያዝያ 6 ቀን የሆነው ሞታቸው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሁሉም በ1860 ዓ.ም. ውስጥ ያረፉ ሲሆን፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ግን ጉዞው በ1867 ተጀምሮ ሞታቸው በ1868 ሆኗል። ከአውሮፓውያን ዓመት ሁልጊዜ 8 መቀነስን የለመደ ተማሪ ጉዞው የተጀመረው በ1859 ዓ.ም. ነው ብሎ ሲጽፍ፣ ንጉሠ ነገሥቱን በተጨማሪ አንድ ዓመት መንገድ ላይ ያቆያቸዋል። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ባሉት ወራት ልዩነቱ በአብዛኛው 7 ዓመት መሆኑን የተረዳ ግን ሁለት ጽሑፎች የተለያየ ዓመት ስለጻፉ ብቻ ተጋጭተዋል አይልም።

ሁለተኛው ጉዳይ ልኬት ነው። የጉና ከፍታ በአንዱ ጽሑፍ 4,113፣ በሌላው 4,120፣ በሌላው ደግሞ 4,231 ሜትር ሆኖ ይገኛል። ተማሪው ከሦስቱ አንዱን በግምት እንዲመርጥ ከማድረግ ይልቅ፣ ሦስቱም የሚስማሙበትን፣ ማለትም ተራራው ከ4,100 ሜትር በላይ መሆኑን፣ በልበ ሙሉነት እንዲናገርና ቀሪውን ከምንጩ ጋር እንዲጠቅስ ማስተማር ይሻላል።

ሦስተኛው ጉዳይ መቶኛ ነው። በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ መሆናቸው ሲነገር፣ ቁጥሩ የሚመለከተው ለፈተናው የተቀመጡትን እንጂ የአገሪቱን ወጣቶች ሁሉ አይደለም። «ከመቶ ወጣት ሦስቱ ብቻ» ብሎ የሚጽፍ ሰው ቁጥሩን ሳይነካ አባባሉን ለውጦታል፤ «ከስንቱ?» የሚለው ጥያቄ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

የምስክርነት ሥርዓት

ደቡብ ጎንደር ለዚህ ትምህርት መነሻ የሚሆን የቆየ ባህል አላት። በጋይንት የምትገኘው ቤተልሔም ለድጓ፣ ዙር አምባም ለዝማሬ መዋሥዕት የምስክር ቦታዎች ናቸው፤ ከሌላ ቦታ የተማረ ሰው ዕውቀቱ የሚጸናለት በእነዚህ ጉባኤያት ቀርቦ ተፈትኖ ሲመሰከርለት ነው። በእጅ የተገለበጠ መጽሐፍም ከዋናው ጋር እየተያየ ይታረማል፤ የተማረውም ሰው ከማን እንደተማረ ይጠየቃል። በአንድምታ ትርጓሜ ደግሞ መምህሩ አንዱን ኃይለ ቃል «አንድም» እያለ በተለያየ መንገድ ስለሚፈታ፣ ተማሪው ከአንድ በላይ ፍች በአንድ ጊዜ ይዞ ማሰብን ይለማመዳል።

ይህን ባህል ሳይለዩ ወደ ዘመናዊው ክፍል ማምጣት ግን ስሕተት ነው። የአብነት ትምህርት ዓላማ የተቀበሉትን ሳያጎድሉ ማስተላለፍ ስለሆነ የመምህሩ ቃል የመጨረሻ ዳኛ ነው፤ ሐቅ ነክ አባባል ሲመዘን ግን የመምህርም የመጽሐፍም ቃል ማስረጃ ይጠየቃል። ሊወሰድ የሚገባው ሥርዓቱ ነው፤ ይኸውም ምንጭን መጥራት፣ ቅጂን ከዋናው ማስተያየትና ያልተመሰከረለትን እንደ ተመሰከረለት አለመናገር።

የአሰጣጥ ቅደም ተከተል

እንዲህ ያለው ትምህርት ውጤት እንደሚያመጣ ከአፍሪካ የተገኘ ማስረጃ አለ። በኡጋንዳ እ.ኤ.አ. በ2016 በ120 የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ከ10,000 በላይ ሕፃናትን አካቶ የተደረገና በቀጣዩ ዓመት በላንሴት መጽሔት የታተመ ጥናት፣ ስለ ሕክምና የሚነገሩ አባባሎችን መመዘን የተማሩት ሕፃናት በአማካይ 62.4 በመቶ፣ ያልተማሩት ደግሞ 43.1 በመቶ ማምጣታቸውን አሳይቷል። ትምህርቱ የተሰጠው በሥዕላዊ ታሪክ መጽሐፍና በመምህር መምሪያ በመሆኑ፣ ኢንተርኔት በሚቋረጥበት ወይም ጨርሶ በሌለበት ትምህርት ቤትም ሊሠራ ይችላል። አሜሪካዊው ተመራማሪ ሳም ዋይንበርግ እ.ኤ.አ. በ1991 ባሳተመው ጥናት ደግሞ፣ የታሪክ ምሁራን ሰነድ ሲሰጣቸው አስቀድመው ጸሐፊውንና ዘመኑን እንደሚመለከቱ፣ ተማሪዎች ግን ከመጀመሪያው መስመር ጀምረው እስከ መጨረሻው በቀጥታ እንደሚያነቡ አስተውሏል። ይህ ልማድ በትምህርት ሊቀየር የሚችል ነው።

በደብረ ታቦርና በዙሪያዋ ላሉ ትምህርት ቤቶች የሚስማማው ቅደም ተከተል ከቀላሉ ይነሣል። መጀመሪያ ተማሪዎች አንድን ረጅም ዓረፍተ ነገር ወደ ነጠላ አባባሎች መፍታትን ይለማመዳሉ። ቀጥለው በእያንዳንዱ አባባል ትይዩ አራት ጥያቄዎችን ያሰፍራሉ፦ ማን አለው? እንዴት አወቀው? ሌላ እማኝ ምን ይላል? ምን ቢገኝ ሐሰት መሆኑ ይታወቃል? ከዚያም ከከተማዋ አዛውንቶች ስለ አንድ ጉዳይ፣ ለምሳሌ ደብረ ታቦርን የቆረቆሩት ታላቁ ራስ ዓሊ ናቸው ወይስ ራስ ጉግሣ ስለሚለው ክርክር፣ የሰሙትን ጽፈው ከታተመ ታሪክ ጋር ያስተያያሉ፤ አዛውንቱን ሲጠይቁም «ይህን ከማን ሰሙት?» የሚለውን በአክብሮት መጠየቅን ይማራሉ። በመጨረሻ ያንኑ መንገድ በስልክ በደረሳቸው ጽሑፍ ላይ ይሞክሩታል። ፈተናውም ትክክለኛውን መልስ ከመምረጥ ይልቅ ተማሪው ለደረሰበት ድምዳሜ ያቀረበውን ምክንያት ሊመዝን ይገባል፤ ያለዚያ ተማሪው የመምህሩን ፍርድ እንደ ሌላ የሚሸመደድ ነገር ይይዘዋል።

በዚህ ትምህርት ላይ የሚነሣ ተገቢ ሥጋት አለ፤ ሁሉን እንዲጠይቅ የተማረ ወጣት ምንም የማያምን ይሆናል የሚል ነው። ምዘና የሚያበቃው በጥርጣሬ ቢሆን ኖሮ ሥጋቱ ልክ በሆነ ነበር። ነገር ግን ስድስቱን የሴባስቶፖል አባባሎች የመረመረ ተማሪ መድፉ በጋፋት መሠራቱን፣ በጋሪ ተጭኖ፣ መንገድ እየተጠረገለት የጂዳንና የበሽሎን ሸለቆዎች ተሻግሮ መቅደላ መድረሱን ከቀድሞው በበለጠ እርግጠኝነት ይቀበላል፤ የሚጠራጠረውም መጠራጠር የሚገባውን ብቻ ነው።

ማጠቃለያ

ሐቅ ነክ አባባልን መለየትና መመዘን የታሪክም፣ የአማርኛም፣ የሒሳብም መምህራን የጋራ ሥራ ነው። ዓረፍተ ነገሩን መፍታት የቋንቋ፣ እማኙን መመርመር የታሪክ፣ መቶኛውን መጠየቅ የሒሳብ ዕውቀት ስለሚፈልግ፣ አንድ መምህር ብቻውን ሊወጣው አይችልም። በደብረ ታቦር የመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅና ዩኒቨርሲቲም ስላሉ፣ ጋፋትን የመሰሉ የአካባቢ ጉዳዮችን ከነምንጮቻቸው ለክፍል በሚመች መልክ ማዘጋጀት ለእነዚህ ተቋማት ቅርብና ተገቢ ተግባር ነው። የሐሰት ወሬ ሰውን ከሰው ሊያጋጭ፣ ሕይወትም ሊያጠፋ በሚችልበት አገር፣ ወጣቱ አንድን አባባል ለሌላው ከማስተላለፉ በፊት እማኙን እንዲጠይቅ ማስተማር ትምህርት ቤት ለማኅበረሰቡ ሊሰጥ ከሚችላቸው ጥበቃዎች ዋነኛው ነው።