ከሮም እስከ መስከረም 17፦ የሃይማኖት ቃል ለሥልጣን ሲውል



ዲላም ሆነ ሌላ ከተማ ያለን ወጣቶች ታሪክን ከመጽሐፍ ይልቅ ከፊልም እየተማርን ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 መታየት የጀመረውን «ዘ ቦርጂያስ» የተሰኘ ተከታታይ ድራማ ያያችሁ ትኖራላችሁ። ድራማው የሮማውን ፖፕ አሌክሳንደር 6ኛን እና የቤተሰባቸውን የሥልጣን ሽኩቻ ያሳያል። በመሀል ጄም የሚባል ሙስሊም ልዑል ይገባና በቦርጂያ ቤተሰብ እጅ ሲገደል እናያለን።

ጄም በእውነት የነበረ ሰው ነው። የቁስጥንጥንያው ፋቲሕ የሱልጣን ሙሐመድ ልጅ ሲሆን ከወንድሙ ከሱልጣን ባየዚድ ጋር በዙፋን ተጣልቶ ተሸነፈ። ሸሽቶ የሮድስ ባላባቶች ዘንድ ቢጠጋ መጠጊያው እስር ሆነበት። እ.ኤ.አ. በ1489 ወደ ሮም ተወሰደ። ባየዚድ ወንድሙ ተመልሶ እንዳይመጣበት በየዓመቱ 40,000 ዱካት ገደማ ይከፍል ነበር። ማለትም አንድ ሙስሊም ልዑል በፖፑ ቤት መያዣ ሆኖ፣ ሙስሊሙ ሱልጣን ደግሞ ለእስሩ ይከፍላል! ነገሩ የሃይማኖት ጦርነት ቢመስልም ውስጡ ሥልጣንና ገንዘብ ነበር።

ድራማው ግን አንድ ነገር ቀይሯል። ጄም የሞተው በሮም ሳይሆን በ1495 በኔፕልስ ነው። ያኔ የፈረንሳዩ ንጉሥ ቻርልስ 8ኛ ከፖፑ ተቀብሎ ይዞት እየሄደ ነበር። ፖፑ አስመርዘውታል የሚለው ወሬ ያኔም ተነግሯል፤ የተረጋገጠ ነገር ግን የለም። ደራሲዎቹ ወሬውን ወስደው ግድያ አደረጉት። ተመልካቹም አምኖ ተቀበለ።

ይህን ያነሳነው ለሮም ብለን አይደለም። የኛም አገር ተመሳሳይ ቀን አላት፤ መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም.።

አፄ ምኒልክ የልጃቸውን የሸዋረጋን ልጅ ኢያሱን ወራሽ አድርገው ሲያሳውጁ፣ ከግብጽ የመጡት ሊቀ ጳጳስ አቡነ ማቴዎስ ኢያሱን የከዳ የተወገዘ ይሁን ብለው ነበር። መኳንንቱም በዚሁ ማሉ። የኢያሱ አባት ራስ ሚካኤል ቀድሞ ሙሐመድ ዓሊ የሚባሉ የወሎ ሙስሊም መሪ ሲሆኑ፣ በአፄ ዮሐንስ ዘመን ነው ክርስትና የተነሱት።

ልጅ ኢያሱ ሥልጣን ከያዙ በኋላ ወደ ሐረርና ወደ ሶማሌ ምድር ተመላለሱ፣ ከሙስሊም መሪዎች ጋር ተዛመዱ፣ መስጊድ አሠሩ። የአዲስ አበባው ቀጨኔ መድኃኔዓለም ቤተ ክርስቲያንም ከስማቸው ጋር ይነሳል። ወቅቱ ግን የአንደኛው የዓለም ጦርነት ነበር። እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ጣሊያን ኢያሱ ወደ ኦስማን ቱርክ ያዘነብላሉ ብለው ፈሩ። የሸዋ መኳንንት ደግሞ ሥልጣናቸው ከእጃቸው እየወጣ ነው ብለው ሰጉ። የሙስሊም ልብስ የለበሱባቸው ፎቶግራፎች ተሰራጩ። ከፎቶዎቹ ውስጥ ተቀነባብረው የተሠሩ እንዳሉ እስከ ዛሬ ይነገራል።

መኳንንቱ ግን በመሐላ ታስረዋል። መሐላውን መፍታት የሚችለው ያው ያሰረው አፍ ነው። በመስቀል ዕለት፣ ኢያሱ ሐረር ሳሉ፣ ቤተ መንግሥት ውስጥ «ሰልመዋል» ተብለው ተከሰሱ። አቡነ ማቴዎስ መሐላውን ፈቱ፤ ቀድሞ ኢያሱን የከዳ ይወገዝ ያሉት አሁን ኢያሱን አወገዙ። ዘውዲቱ ንግሥት፣ ተፈሪ አልጋ ወራሽ ሆኑ። ልክ በወሩ፣ ጥቅምት 17 ቀን፣ ሰገሌ ላይ ብዙ ሺህ ሰው አለቀ። ንጉሥ የተባሉት ሚካኤልም ተማረኩ።

ልጅ ኢያሱ በእርግጥ ሰልመው ነበር? የታሪክ ጸሐፊዎች እስከ ዛሬ አልተስማሙም። ስለዚህ «ሙስሊሙ ንጉሣችን» ብለን መፎከሩም፣ «ከሃዲ» የሚለውን ክስ እንዳለ መቀበሉም ልክ አይደለም። የአስተዳደር ጉድለትም ነበረባቸው፤ ከመዲናው ርቀው መክረማቸው ለጠላቶቻቸው በር ከፍቷል።

እኛን የሚያሳስበን ግን ከዚህ የጠለቀ ነው። በዚያ ቀን ክስ ሆኖ የቀረበው ግፍ ወይም ዝርፊያ ሳይሆን ወደ ሙስሊሞች መቅረብ ነው። በአገሪቱ በሚሊዮን የሚቆጠር ሙስሊም እያለ፣ ለእሱ መቅረብ ዙፋን የሚያሳጣ ወንጀል ተደረገ። ሙስሊሙ በገዛ አገሩ እንደ እንግዳ የታየበት ስሜት ከየት መጣ ብሎ ለሚጠይቅ ወጣት፣ ይህ ቀን ከመልሶቹ አንዱ ነው።

ሌላም ሐቅ አለ። ያኔ ጌዴኦ በሲዳሞ ግዛት ሥር ነበር፤ ከለውጡ በኋላ እስከ 1920 ዓ.ም. ሲዳሞን የገዙት ደጃዝማች ባልቻ ሳፎ ናቸው። ዘውዱ ከኢያሱ ወደ ዘውዲቱ ሲዞር ቡናውን የሚለቅመው የጌዴኦ ገባር ሸክም አልቀለለም። «ለሃይማኖት» ተብሎ የተደረገው ለውጥ ለገበሬው፣ ክርስቲያንም ይሁን ሙስሊም ወይም የአባቶቹን እምነት የያዘ፣ ያመጣለት ነገር የለም። ትርፉ የቤተ መንግሥት ነበር።

ይህን ስንል የክርስቲያን ወንድሞቻችንን እምነት ለመንካት አይደለም። የኦስማን ሱልጣንም ለገዛ ወንድሙ እስር ከፍሏል፤ በእኛም ታሪክ ለገዢ ሲሉ ፈትዋ የሰጡ አልጠፉም። ችግሩ የአንድ ሃይማኖት ሳይሆን፣ የሃይማኖትን ቃል ለሥልጣን ማከራየት ነው።

ቁርኣን ወሬ ይዞ ሲመጣብን እንድናጣራ አዞናል፤ በሱረቱል ሑጁራት። በ1909 አንድ ፎቶ ከእጅ ወደ እጅ ለመዞር ሳምንታት ይፈጅበት ነበር። ዛሬ በሰከንድ ዲላ ይደርሳል። ስለዚህ ስለ ሙስሊምም ሆነ ስለ ክርስቲያን «እንዲህ አደረገ» የሚል ፎቶ ሲደርሰን፣ ሼር ከማድረጋችን በፊት ሁለት ነገር እንጠይቅ፦ ማስረጃው የት አለ? ከዚህስ የሚጠቀመው ማን ነው? የሰገሌ ሟቾች ይህን የሚጠይቅላቸው ሰው አላገኙም ነበር።

ወላሁ አዕለም።