ካልኩሌተሩ በማን እጅ ነበር?

ተማሪዎቼ ታስታውሳላችሁ፤ የብድር መክፈያ ካልኩሌተር ፕሮግራም ሳላስጽፋችሁ ያለፍኩበት ዓመት የለም።

ነገሩ የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1613 ሪቻርድ ዊት ለንደን ላይ የወለድ ሰንጠረዥ መጽሐፍ አሳተመ። በ1973 ሂውሌት ፓካርድ ኤችፒ-80ን ሲያወጣ ስሌቱ በእጅ የሚያዝ ማሽን ውስጥ ገባ። ዋጋው ግን 395 ዶላር! ተራ ተበዳሪ የሚገዛው አልነበረም።

እኔም የመጀመሪያ ብድሬን የፈረምኩት ሳላሰላ ነው፦ 12,000 ብር፣ በ10 በመቶ፣ ለአንድ ዓመት፣ በወር 1,100 ብር። በኋላ ፕሮግራሙን ራሴ ስጽፈው 1,055 አለኝ። ስህተቴን ስፈልግ አመሸሁ፤ ኮዱ ልክ ነበር። ለካ ወለዱ የታሰበብኝ በቀሪው ዕዳ ሳይሆን እስከ መጨረሻው ወር በሙሉው 12,000 ላይ ነው። 660 ገደማ የሚሆነው ወለድ 1,200 ሆነ።

ዛሬ ካልኩሌተሩ ኪሳችሁ ውስጥ ነው። ሳታሰሉ አትፈርሙ።