ፋርማኮኪኔቲክስ፦ የመድኃኒት ጉዞ በሰውነት ውስጥ

ለወባ ታማሚ ኮአርተም ሲታዘዝለት ከወተት ወይም ቅባት ካለው ምግብ ጋር እንዲወስደው ይነገረዋል። ሲፕሮፍሎክሳሲን የታዘዘለት ሰው ግን መድኃኒቱን በወተት እንዳይውጥ ይመከራል። ወተቱ ያው ወተት ነው፤ ልዩነቱ ያለው እያንዳንዱ መድኃኒት በሰውነት ውስጥ በሚሄድበት መንገድ ላይ ነው።

ይህን መንገድ የሚያጠናው ሳይንስ ፋርማኮኪኔቲክስ ይባላል። ስያሜው መድኃኒትና እንቅስቃሴ የሚል ትርጉም ካላቸው ሁለት የግሪክ ቃላት የተገኘ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1953 ያስተዋወቀውም ጀርመናዊው የሕፃናት ሐኪም ፍሪድሪኽ ሃርትሙት ዶስት ነው። በአማርኛ «የመድኃኒት ጉዞ» ቢባል ሐሳቡ ይገለጻል። መድኃኒት በሰውነት ላይ የሚያመጣውን ለውጥ የሚያጠናው ዘርፍ ፋርማኮዳይናሚክስ ነው፤ ፋርማኮኪኔቲክስ ደግሞ ሰውነት መድኃኒቱን ምን እንደሚያደርገው ይከታተላል። ጉዞው አራት ምዕራፎች አሉት፦ ስርገት፣ ስርጭት፣ ልወጣና ውገዳ።

ስርገት የተዋጠው መድኃኒት ከአንጀት ወደ ደም የሚገባበት ነው። ኮአርተም ውስጥ ያለው ሉሜፋንትሪን በውኃ በቀላሉ ስለማይሟሟ፣ በባዶ ሆድ ሲወሰድ ወደ ደም የሚሰርገው ጥቂቱ ብቻ ነው። ቅባት ሲያገኝ መጠኑ በብዙ እጥፍ ይጨምራል። ሲፕሮፍሎክሳሲን በተቃራኒው ወተት ውስጥ ካለው ካልሲየም ጋር ስለሚጣበቅ ከፊሉ ሳይሰርግ አንጀት ውስጥ ይቀራል።

ስርጭት ደም መድኃኒቱን ወደየአካል ክፍሉ የሚያደርስበት ነው። ሁሉም በር ግን ክፍት አይደለም፤ አንጎልን የሚጠብቀው የደም ሥር ግድግዳ ብዙ መድኃኒቶችን አያሳልፍም።

ልወጣ በአብዛኛው የጉበት ሥራ ነው። የጉበት ኢንዛይሞች መድኃኒቱን ሰባብረውና ለውጠው ለመወገድ ያዘጋጁታል። ናይትሮግሊሰሪን የተባለው የልብ ሕመም መድኃኒት ቢዋጥ ጉበት አብዛኛውን ስለሚያጠፋው፣ ሕመሙ ሲነሳ ከምላስ ሥር ይደረጋል።

አንዳንዴ ደግሞ ልወጣው መድኃኒቱን ያበረታዋል። ኮዴይን ሕመም የሚያስታግሰው ሲዋይፒ2ዲ6 የተባለው ኢንዛይም ከፊሉን ወደ ሞርፊን ሲለውጠው ነው። የኢንዛይሙ ዘረመል ተጨማሪ ቅጂ ያለው ሰው ልወጣውን እጅግ ስለሚያፋጥነው፣ በተለመደው መጠን እንኳ ብዙ ሞርፊን ደሙ ውስጥ ሊጠራቀምና ትንፋሹ እስከ መታፈን ሊደርስ ይችላል። በሰሜን አውሮፓ እንዲህ ያሉ ሰዎች ከመቶ 1 ወይም 2 ናቸው። ዶክተር እሌኒ አክሊሉና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተሙት ጥናት ግን፣ ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን ከመቶ 29ኙ ተጨማሪ ቅጂ ተገኝቶባቸዋል። የኢትዮጵያ የምግብ፣ የመድኃኒትና የጤና ክብካቤ አስተዳደርና ቁጥጥር ባለሥልጣንም እ.ኤ.አ. በ2015 ኮዴይንን አግዷል። በሌላ ሕዝብ ላይ ተሞክሮ የተወሰነ መጠን ለሁሉም እንደማይሆን ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አይገኝም።

የመጨረሻው ምዕራፍ ውገዳ ነው፤ መድኃኒቱ በዋናነት በኩላሊት በኩል በሽንት፣ እንዲሁም በሐሞት በኩል ከሰገራ ጋር ይወጣል። የሳንባ ነቀርሳ ታካሚዎች ይህን በዓይናቸው ያዩታል፤ ሪፋምፒሲን ሽንታቸውን ብርቱካናማ ያደርገዋልና። የውገዳው ፍጥነት የመውሰጃ ሰዓትንም ይወስናል። አሞክሲሲሊን ደም ውስጥ ያለው መጠን በአንድ ሰዓት ገደማ በግማሽ ስለሚቀንስ ብዙ ጊዜ በየ8 ሰዓቱ ይታዘዛል። አዚትሮማይሲን ግን በሰውነት ውስጥ ለቀናት ስለሚቆይ በቀን አንዴ ይበቃዋል።

አንዱ መድኃኒት የሌላውን ጉዞ ሊያስተጓጉልም ይችላል። ሪፋምፒሲን የጉበት ኢንዛይሞችን ስለሚያነቃቃ የወሊድ መከላከያ እንክብል ኃይሉን ያጣል። ስለዚህ አዲስ መድኃኒት ሲታዘዝልዎ የሚወስዱትን ሌላ መድኃኒት ሁሉ፣ የባህል መድኃኒትም ቢሆን፣ እንዲሁም የጉበት ወይም የኩላሊት ሕመም ካለብዎ ለሐኪምዎና ለፋርማሲ ባለሙያው ይንገሩ፤ ከምግብ በፊት ይሁን በኋላ፣ በየስንት ሰዓቱ እንደሆነም ሳይጠይቁ አይውጡ።