አንጸባራቂ የቤት ዕቃዎችን ፎቶግራፍ ማንሳት፤ ከሪያድ ዳላ እስከ መስታወት

በሪያድ ብዙ ቤቶች የእንግዳ መቀበያ ክፍል ውስጥ የሚገኘው የዓረብ ቡና ማቅረቢያ «ዳላ»፣ ሆዱ ሰፊ፣ አፉ እንደ ምንቃር የሾለና ብዙውን ጊዜ ከናስ የሚሠራ ዕቃ ነው። የዓረብ ቡና አቀራረብ እ.ኤ.አ. በ2015 በሳዑዲ ዓረቢያ፣ በተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች፣ በኦማንና በኳታር የጋራ ጥያቄ በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ሰፍሯል። የተወለወለ ዳላ በቤት ውስጥ ለሚነሣ የግዑዝ ነገሮች ፎቶግራፍ ማራኪ፣ ያንኑ ያህልም አስቸጋሪ ነው። የእኛ የሸክላ ጀበና የሚያርፍበትን ብርሃን አብዛኛውን ይውጣል፤ ዳላ ግን የፊቱን ሁሉ መልሶ ያሳያል።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ብርሃን በለሰለሰ ገጽ ላይ ሲያርፍ ባረፈበት ማዕዘን ልክ ይመለሳል። የባስራው ሊቅ ኢብን አል-ሃይሰም በ11ኛው ክፍለ ዘመን በጻፈው «ኪታብ አል-መናዚር» የጠፍጣፋና የጎባጣ መስታወቶችን ነጸብራቅ በስፋት መርምሯል። ጠፍጣፋ መስታወት የሚያሳየው በአንድ አቅጣጫ ያለውን ብቻ ሲሆን፣ ወደ ውጭ የጎበጠው የዳላ ሆድ ግን መስኮቱን፣ ግድግዳውንና ካሜራ የያዘውን ሰው ጭምር አሳንሶ ይሰበስባል።

ችግሩ ከፎቶግራፍ ጋር አብሮ የተወለደ ነው። እንግሊዛዊው ዊሊያም ሄንሪ ፎክስ ታልቦት እ.ኤ.አ. ከ1844 እስከ 1846 ባሳተመው የፎቶግራፍ መጽሐፍ የሸክላና የብርጭቆ ዕቃዎችን በተለያዩ ሥዕሎች አቅርቧል። ነጭ ሸክላ ከብርጭቆ ይልቅ ስለሚደምቅ ሁለቱ በአንድነት ሲነሡ እንደማይሳኩም ጽፏል። ስለዚህ ነጭ ስኒና ብርጭቆ አብረው ሲነሡ ስኒውን ከብርሃኑ ራቅ ማድረግ ይበጃል።

ለሪያድ ነዋሪ ቀዳሚው ጉዳይ ፀሐይ ናት። በሰኔ ወር እኩለ ቀን ከአናት በላይ ስለምትሆን በመስኮት እምብዛም አትገባም፤ የሚገባው ለስላሳ ብርሃን ለሥራው ምቹ ነው። በታኅሣሥ ግን 42 ዲግሪ ያህል ብቻ ከፍ ስለምትል በደቡብ መስኮት በቀጥታ ትገባለች። ያን ጊዜ መስኮቱን በስስ ነጭ መጋረጃ መሸፈን ያስፈልጋል። የካሜራ ብልጭታ በብረት ላይ አንድ የነጣ ነጥብ ብቻ ስለሚተው አይመከርም። ከዕቃው ግራና ቀኝ ነጭ ካርቶን ማቆም ገጹን ያበራዋል፤ በዳር የሚቆም ጥቁር ጨርቅ ደግሞ ቅርጹን ለይቶ ያወጣዋል።

ፖላራይዘር የተባለው የሌንስ ማጣሪያ በብርጭቆና በሚያብረቀርቅ ሸክላ ላይ ያለውን ነጸብራቅ ይቀንሳል፤ በተለይ ካሜራው ከገጹ ቀጥተኛ መስመር 56 ዲግሪ ገደማ ሲያዘነብል ይሠራል። በተራቆተ ብረት ላይ ግን ጥቅሙ አነስተኛ ነው። በጠፍጣፋ መስታወት ላይ የሚታየው ምስል ዕቃው ከመስታወቱ በራቀበት መጠን ከመስታወቱ ጀርባ እንዳለ ሆኖ ይታያል። በመሆኑም ካሜራው በመስታወቱ ፍሬም ላይ ከተስተካከለ ምስሉ ሊደበዝዝ ይችላል።

ነጸብራቅን ሁልጊዜ ማጥፋት አያስፈልግም። አንድ ማንኪያ፣ አንድ ብርቱካንና ባለቀለም ጨርቅ የፎቶግራፍ አንሺውን ምናብ ለማሳየት ይበቃሉ፤ ጨርቁ ሲለወጥ የማንኪያው ቀለም አብሮ ይለወጣልና።

ጥንቃቄ የሚሻው ፎቶግራፉ ለሌሎች ከመጋራቱ በፊት ነው። ለዳላው ተብሎ የተነሣ ምስል የቤቱን እመቤት፣ ሕፃናትን ወይም በቤቱ የምትሠራን እህት አብሮ ሊይዝ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው የሳዑዲ ዓረቢያ የሳይበር ወንጀል መከላከያ ሕግ በአንቀጽ 3፣ ባለካሜራ ስልክን አላግባብ ተጠቅሞ የሰውን የግል ሕይወት መድፈር እስከ 1 ዓመት በሚደርስ እስራትና እስከ 500,000 ሪያል በሚደርስ መቀጮ ወይም ከሁለቱ በአንዱ እንደሚያስቀጣ ይደነግጋል። ስለሆነም እያንዳንዱን አንጸባራቂ ገጽ በስክሪን ላይ አጉልቶ መመልከት፣ ሰው ከታየበትም ፈቃዱን መጠየቅ ወይም ምስሉን እንደገና ማንሳት ተገቢ ነው።