ጅራፍ፣ መሪሳና የሰከሩ አይጦች

የኢትዮጵያዋን መተማና የሱዳኗን ጋላባት የሚለያቸው ትንሽ ወንዝ ነው። መተማ ላይ ጠላና አረቄ በግልጽ ይሸጣሉ፤ ጋላባት ላይ ግን የሱዳኑ ፕሬዚዳንት ጃፋር ኒሜሪ እ.ኤ.አ. በመስከረም 1983 ካወጁት ሕግ ወዲህ መጠጥ ያስገርፍ ነበር። ቀድሞም እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ ማሕዲስቶች፣ የሱዳኑ ማሕዲ ተከታዮች፣ ጠጪን ይገርፉ ነበር። ይሁንና ከጋላባት አልፎ ያለው ገዳሪፍ የማሽላ አገር ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1940ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በትራክተር የሚታረሰው ሜዳ የሱዳን ትልቁን የማሽላ ገበያ ፈጥሯል፤ መሪሳ የሚባለው የሱዳን ጠላም የሚጠመቀው ከዚሁ እህል ነው። ጥሬ ዕቃው በየጓዳው ባለበት አገር ክልከላው የተመካው በፍርሃት ላይ ብቻ ነበር፤ የከሸፈውም በዚሁ ምክንያት ይመስለኛል።

አልኮል ፍርሃትን ምን እንደሚያደርገው በእንስሳት ላይ ተፈትኗል። አልኮል ከሚሠራባቸው መንገዶች አንዱ ቫሊየምን የመሰሉ ማስታገሻዎች የሚሠሩበት፣ ጋባ የሚባለው የአንጎል ሥርዓት ነው። የጠጣ አይጥ የኤሌክትሪክ ቅጣት እንዳለበት እያወቀ ወደ ምግቡ ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ1986 አሜሪካውያን ተመራማሪዎች የማስታገሻ ተቃራኒ የሆነውን አር ኦ 15-4513 ሲሰጡት መንገዳገዱ ቀረ፣ የቅጣት ፍርሃቱም ተመለሰ። በደሙ ያለው አልኮል ግን አልቀነሰም፤ መድኃኒቱ ከገዳይ መጠን እንደማያድንም ኋላ ታወቀ። በዚያ ላይ የሚጥል መንቀጥቀጥን ስለሚያባብስ ለሕክምና ሳይውል ቀረ።

ሰው አይጥ አይደለም፣ ጅራፉን የሚያስበውም ገና ሳይጠጣ ነው የሚል ተቃውሞ ይነሳ ይሆናል። እውነት አለው፤ አልፎ አልፎ የሚቀምሰውን ሕጉ አርቆት ይሆናል፣ በእምነቱ የተወውም ሕግ አላስፈለገውም። መጠጥ የለመደው ግን ቅጣቱን የሚረሳው ከመጀመሪያው ጽዋ በኋላ ነው። ሳትጠጣ፣ ፍርሃቷም ሳይደነዝዝ ቅጣቱን የምትጠብቀው ጠማቂዋ ናት። እ.ኤ.አ. በ1991ዱ የሱዳን የወንጀል ሕግ አንቀጽ 79 መጠጥ መሸጥ በእስራት ወይም በገንዘብ ያስቀጣ ነበር፤ የኦምዱርማን ሴቶች እስር ቤት የሞላውም በአብዛኛው አረቄና መሪሳ በሸጡ፣ ጦርነት ባፈናቀላቸው ድሆች ነበር። ልጆቿን በዚያ ገቢ የምታሳድግ ሴት ከእስር ስትወጣ የምትመለሰው ወደዚያው ጋን ነው። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2020 የሽግግሩ መንግሥት ሙስሊም ላልሆኑ ሰዎች መጠጣትን ፈቀደ፤ ለጠጪው የመጣው ምሕረት ለጠማቂዋም በሙሉ ሊደርስ ይገባል።