ችንጋ፣ ነጠላና ሕግ፦ የወፍጮ ቤት አደጋ ታሪክ

የሞተር ወፍጮ ከጋይንት፣ ከስማዳና ከእስቴ ሴቶች ላይ ምን ያህል ሸክም እንዳወረደ ለዚህ መጽሔት አንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም። እናቶቻችን ዶሮ ሲጮኽ ተነሥተው፣ መጅ ላይ ጎንበስ ብለው ጤፉንና ገብሱን እየፈጩ ነው ቤት ያቆሙት። የእጅ ወፍጮ ወገብ ይሰብራል፣ መዳፍ ይልጣል፤ እጅ ግን አይቆርጥም። ፈጪዋ ክንዷን ስታሳርፍ ድንጋዩም አብሯት ያርፋል። የሞተር ወፍጮ የለወጠው ይህንን ነው፤ እኛ ብናርፍም እርሱ አያርፍም። ስለ ጥቅሙ ብዙ እንናገራለን፤ ስለዚህኛው ለውጥ ግን በስብሰባ ላይ ሲነሣ እምብዛም አይሰማም።

አደጋው የሚበዛው እህል ሲፈጭ አይደለም። ሲጠረግ፣ ሲጠገን፣ የተደፈነው ሲከፈት፣ የላላው ችንጋ ሲስተካከል ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው። የናፍጣ ሞተር በማኒቬላ ማስነሣት ጉልበት ይጨርሳል፤ ስለዚህ አንዴ ከተነሣ ማጥፋት ይጠላል። ደጅ ላይ ደግሞ ከሩቅ ቀበሌ ጆንያ አዝለው የመጡ፣ ሳይመሽ መመለስ ያለባቸው ሴቶች ተሰልፈዋል። በዚህ መካከል ዱቄቱ የሚወርድበት ቢደፈን፣ «ሞተሩን አጥፍቼ ላጽዳ» የሚል ሰው ሰልፈኛውን ሁሉ ያስቆጣል። እጅ የሚገባው ያኔ ነው። ፈጪውን ቸልተኛ ብሎ መውቀስ ይቀላል፤ እኔ ግን ወቀሳው ሰልፉንም፣ ማኒቬላውንም መንካት አለበት እላለሁ።

ፍጥነቱን በቁጥር እንየው። ስፋቱ 30 ሳንቲ ሜትር የሆነ ጎማ በደቂቃ 600 ጊዜ ቢዞር፣ በላዩ ያለው ችንጋ በሰከንድ 9 ሜትር ያህል ይሮጣል። ሰው ደንግጦ እጁን ለመሳብ ሩብ ሰከንድ ቢፈጅበት፣ ችንጋው በዚያች ቅጽበት ከሁለት ሜትር በላይ ሄዷል። ነጠላዋ ጫፉ የተያዘባት ሴት «እለቀዋለሁ» ብላ ሳታስብ ጨርቁ ተጠቅልሎ አልቋል። መቀነት፣ ሻሽ፣ የተንጠለጠለ ሹሩባ ሁሉ እንዲሁ ነው። ሞተሩ ከጠፋ በኋላም ቢሆን ከባዱ ድንጋይ በራሱ ግፊት ጥቂት ይዞራል፤ ድምፁ ስለቀነሰ ብቻ ቆሟል ማለት አይደለም።

ይህ አደጋ በእኛ አገር አልተጀመረም። በእንግሊዝ የጥጥ ፋብሪካዎች ትንንሽ ልጆች እየተንቀሳቀሰ ካለ መፍተያ ሥር ገብተው ብናኝ ይጠርጉ ነበር፤ ለምን ቢባል፣ ማሽኑን ማቆም ገቢ ያስቀራል። እ.ኤ.አ. በ1844 የወጣው የፋብሪካ ሕግ፣ ሕፃናትና ወጣቶች በመሽከርከር ላይ ያለ የማሽን ዘንግና ጎማ እንዳያጸዱ ከለከለ፤ በአጠገባቸው የሚያልፉባቸው ዘንጎችም እንዲታጠሩ አዘዘ። ባለፋብሪካዎቹ ወጪው በዛብን ብለው ለዓመታት ተሟገቱ። አሜሪካኖች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1989 አንድ ደንብ አወጡ፦ ማሽን የሚጠግን ሰው ኃይሉን ዘግቶ የራሱን ጓጉንቸር ያንጠለጥልበታል፤ ቁልፉም ከእርሱ ጋር ይቆያል። እርሱ እጁን ከትቶ ሳለ ሌላው ሳያውቅ እንዳያስነሣበት ነው። ጓጉንቸር ደግሞ ከየትኛውም ገበያችን አይጠፋም።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ የፋብሪካዎች አዋጅ ቁጥር 58 የወጣው እ.ኤ.አ. በ1944 ነበር። ከዚያም በ1956 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 210፣ በደርግ ዘመን አዋጅ ቁጥር 64/1968፣ ቀጥሎ 42/1985 እና 377/1996፣ በመጨረሻም ዛሬ የምንሠራበት አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መጡ። በዚህ አዋጅ አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ ሠራተኛው በሥራ ላይ ለሚደርስበት ጉዳት ኃላፊ ነው። ሠራተኛው ሙሉ በሙሉና ለዘለቄታው መሥራት ካልቻለ፣ ካሳው የዓመት ደመወዙ 5 እጥፍ ነው። አንድ ልብ ሊባል የሚገባ ነገር ግን አለ፦ ሠራተኛው በግልጽ የተሰጠውን የደኅንነት መመሪያ ጥሶ ከተጎዳ አሠሪው ከኃላፊነት ሊድን ይችላል። ስለዚህ መመሪያው በቃል «ተጠንቀቁ» ተብሎ ብቻ መቅረት የለበትም፤ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ፣ ማንበብ ለማይችልም ተነብቦ መታወቅ አለበት።

እነዚህ አዋጆች ሲጻፉ በዓይነ ኅሊና የታየው እንደ ባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ያለ ትልቅ ፋብሪካ ነው ብዬ አምናለሁ፤ አሠሪ አለ፣ ሠራተኛ አለ፣ የደመወዝ መዝገብ አለ። የሴቶች ማኅበር ወፍጮ ቤት እንደዚያ አይደለም። ፈጪው ተቀጣሪ ሊሆን ይችላል፤ የምትጠርገው ግን ተራዋ የደረሰ አባል ናት፣ ደመወዝ የላትም። ችንጋው ቢይዛት በአሠሪና ሠራተኛ ሕግ ሠራተኛ ናት ወይ የሚለው ራሱ ክርክር ይሆናል። የዓመት ደመወዟ ባዶ ከሆነ የባዶ 5 እጥፍ ስንት ነው?

ለእርሷም፣ እህል ይዛ ለመጣችው ደንበኛም መጠጊያ የሚሆነው ሌላ ሕግ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2081 የመኪና ወይም የማሽን ባለቤት፣ ማሽኑ ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል፤ ማሽኑን ያንቀሳቀሰው ያልተፈቀደለት ሰው ቢሆን እንኳ። ጥፋቱ የተጎጂዋ ነው ተብሎ ካልተረጋገጠ በቀር ባለቤቱ ይከፍላል። የወፍጮው ባለቤት ማን ነው? ማኅበሩ ነው፤ ማለትም እኛው። የአንዲት አባል እጅ ካሳ ከሌሎቹ አባላት ቁጠባ ይወጣል ማለት ነው።

ለደጋፊዎቻችንም አንድ ነገር ላንሣ። የወፍጮ በጀት ሲዘጋጅ ሞተሩ፣ ድንጋዩ፣ የቤቱ ቆርቆሮ ይጻፋል፤ የችንጋው መከለያ ግን ብዙ ጊዜ አይጻፍም፣ ወጪ ለመቀነስ ሲባል መጀመሪያ የሚሰረዘውም እርሱ ነው። የአካባቢያችን ብረት ሠራተኛ ከሽቦ ወንፊትና ከብረት ዘንግ ሊበይደው ይችላል። ድንጋይ በሚወቀርበት ቀን ችንጋው ከጎማው እንዲወርድ፣ ማኒቬላውም ከወቃሪው ጋር እንዲቆይ፣ በኤሌክትሪክ ለሚሠራውም ማብሪያው በጓጉንቸር እንዲዘጋ ማድረግ ያን ያህል ወጪ የለውም። የሚጠይቀው ሰልፈኛው ግማሽ ሰዓት እንዲጠብቅ ነው፤ ይህም አስቀድሞ ቢነገር፣ ለምሳሌ የጽዳቱ ሰዓት ገበያ ባልሆነ ቀን ቢወሰን፣ ማንንም አያስቆጣም።

ለሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ የማቀርበው ሐሳብ ሁለት መስመር ነው፦ በመተዳደሪያ ደንባችን ወፍጮ ቤት የምትጠርግ አባል በሥራ ላይ እንዳለች ሠራተኛ እንድትቆጠር፣ ለዚህም ከየወሩ የወፍጮ ገቢ ተቀንሶ ለብቻው የሚቀመጥ የጉዳት መጠባበቂያ እንዲኖር።