ስለ ባለ አጥንት እጀታው ሰንጢ

የዕድራችን የዘንድሮ መጽሔት አዘጋጆች «እርስዎም የሚያውቁትን አንድ ነገር ይጻፉልን» እያሉ ሲወተውቱኝ ምን እንደምጽፍ ጨንቆኝ ሰነበትኩ። ዕድሜዬን ያሳለፍኩት መርካቶ የብረታ ብረት ዕቃ ስሸጥ ነው። በመጨረሻ እጄን ኪሴ ብከተው የማውቀው ነገር እዚያው ተገኘ፤ ሰንጢ። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር ዓመታቱ በአውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሰንጢ ሲባል ለብዙ ሰው የሚታየው የአውቶቡስ ኪስ አውላቂ ነው። እኔ የምለው ግን ሽማግሌ ብርቱካን የሚልጥበትን፣ ጸሐፊ እርሳስ የሚቀርጽበትን፣ ስለቱ ታጥፎ እጀታው ውስጥ የሚተኛውን ነው። ከምናለሽ ተራና ከየቆራሌው ከረጢት እየለቃቀምኩ አሥራ አንድ ያህል አሉኝ፤ ሁሉም ባለ አጥንት እጀታ ናቸው። ባለቤቴ «ይህን አሮጌ ብረት ምን ያደርግልሃል?» ትለኛለች፤ ሽንኩርት ሲከተፍ ግን አንዱን ትዋሰኛለች።

ይህን ለመጻፍ ያነሣሣኝ አምና የሆነ ነገር ነው። አንድ የቆዩ አባላችን ዐርፈው፣ ሠልስቱ ካለፈ በኋላ፣ የመጀመሪያ ልጃቸው ወደ ጓዳ ጠራኝና «ጋሼ፣ እስቲ ይህንን ይዩልኝ» ብሎ አንዲት ሰንጢ አወጣልኝ። አጥንቷ በዘመን ብዛት የጠጅ መልክ ይዟል። «የአያታችን ናት፤ ዐድዋ ሲዘምቱ ይዘዋት ነበር ይባላል። አንድ ሰው የዐድዋ ዕቃ ከሆነች ጥሩ ዋጋ እሰጣለሁ ብሎኛል» አለኝ። መነጽሬን አደረግሁና የስለቱን ሥር አየሁ። የኮከብና የመስቀል ምልክት አለ፤ ከሥሩ «ጆሴፍ ሮጀርስና ልጆቹ፣ ሼፊልድ፣ እንግላንድ» ይላል። ስለቱን ገልበጥ ባደርገው ደሞ «ስቴይንለስ» የሚል ታትሟል። ያኔ አፌ ተያዘ። ለምን እንደተያዘ ለማስረዳት ወደ ሼፊልድ መሄድ አለብን።

ታጣፊ ቢላዋ አዲስ ነገር አይደለም፤ የጥንት ሮማውያንም የአጥንት እጀታ ያለው ነበራቸው። ሼፊልድ የምትባለው የእንግሊዝ ከተማ ግን ስሟ ከቢላዋ ጋር የተጣበቀው ከስድስት መቶ ዓመት በፊት ነው። ቾሰር የተባለው የእንግሊዝ ባለቅኔ በአሥራ አራተኛው መቶ ዓመት ማለቂያ ላይ በጻፈው የካንተርበሪ ተረቶች ውስጥ አንዱን ወፍጮኛ የሼፊልድ ቢላዋ አስይዞታል። በ1624 የቢላዋ ሠሪዎቹ ማኅበር በፓርላማ ሕግ ተቋቋመ፤ እያንዳንዱ ሠሪም የራሱን ምልክት እያስመዘገበ በስለቱ ላይ ይመታ ጀመር። ያቺ የኮከብና የመስቀል ምልክት የተመዘገበችው በ1682 ነው።

በ1740ዎቹ ቤንጃሚን ሃንትስማን የሚባል ሰዓት ሠሪ ለሰዓቱ ሞላ የሚሆን ጥሩ ብረት አጥቶ ሲቸገር፣ አረብ ብረትን በሸክላ ማቅለጫ ውስጥ ዘግቶ ሙሉ በሙሉ የማቅለጥ ዘዴ አገኘ። የገዛ አገሩ ቢላዋ ሠሪዎች ግን «ይጠጥራል፣ እጅ ይሰብራል» ብለው አንገዛም አሉ ይባላል። ሰውዬው ለፈረንሳዮች ሸጠ፤ ፈረንሳዮቹ የተሻለ ቢላዋ ሠርተው ሲመጡባቸው ነው የሼፊልዶቹ ዓይን የተከፈተው። እንዲህ ያለው ነገር በሌላ አገር ብቻ የሚደርስ እንዳይመስላችሁ።

ሰንጢ ሲሠራ ሥራው ለሦስት ዓይነት ሰው ይከፈላል። አንዱ ስለቱን በእሳት ይቀጠቅጣል፤ ሁለተኛው በሚሽከረከር ድንጋይ ይስላል፤ ሦስተኛው ስለቱን፣ የጀርባውን ሞላ፣ የናሱን ገበርና እጀታውን በምስማር ያገጣጥማል። ጥበቡ ያለው ሞላው ላይ ነው። ስለቱን ስትከፍቱት ሞላው ይወጠርና መጨረሻ ላይ «ቀጭ!» ይላል፤ ስትዘጉትም እንዲሁ። እኔ ሰንጢ ስገዛ መጀመሪያ በጆሮዬ ነው የምገዛው። እጀታው የሚሠራበት አጥንት አብዛኛውን ጊዜ የከብት ቅልጥም ነው፤ ቅባቱ ወጥቶ፣ በመጋዝ ተሰንጥቆ፣ ቀለም ይነከራል። ላዩን እየፈለፈሉ የሚያሻክሩት የአጋዘን ቀንድ እንዲመስል ነው፤ እጅም እንዳያንሸራትት ይረዳል።

በ1851 በለንደኑ ታላቅ ኤግዚቢሽን የሮጀርስ ፋብሪካ ሰባ አምስት ስለት ያላት አንዲት ግዙፍ ሰንጢ አቀረበ። የሚታይ ነገር ነው፤ ብርቱካን ግን አይላጥባትም። ስለዚያ የሚደነቅ ሰው፣ ስለቱን የሳሉትንም ቢያስብ ደግ ነው። የመሳያው ድንጋይ አሸዋማ ነው፤ ትቢያው ሳንባ ውስጥ ይገባና ያንቃል። ኤንግልስ በ1845 ባሳተመው መጽሐፍ አንድ የሼፊልድ ሐኪም የጻፈውን ሲጠቅስ፣ በደረቅ ድንጋይ የሚስሉት ዕድሜያቸው በአማካይ ሠላሳ አምስት እንኳ አይሞላም፣ በውሃ የሚስሉትም ከአርባ አምስት የሚያልፉት ጥቂት ናቸው ይላል። እነዚህ ሰዎች ታዲያ ማኅበር ነበራቸው። እያዋጡ የታመመውን ይረዳሉ፣ የሞተውን ይቀብራሉ። እኛ ዕድር የምንለውን ማለት ነው። ይህን ሳነብ በእውነቱ ልቤ ተነካ።

በእኛም አገር ብረት የሚቀጠቅጥ ሰው ሲሰደብና ሲሸሽ የኖረ መሆኑን እናውቃለን። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለእጁን በሥራው የሚሰድብ እንዲቀጣ አዋጅ ማስነገራቸው ያለ ምክንያት አልነበረም። አዋጁ ቢነገርም ስድቡ ቶሎ አልቀረም። ባለእጁን እየናቅን ግን የባሕር ማዶውን ስለት እንወድ ነበር። በዚያ ዘመን መኳንንቱ የሚታጠቁት ጎራዴ እጀታው የአውራሪስ ቀንድ ሆኖ፣ ስለቱ ብዙ ጊዜ ዞሊንገን ከሚባለው የጀርመን ከተማ የመጣ ነው።

ወደ ልጁ ሰንጢ ልመለስ። ዘመኗን የሚናገሩ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛ፣ አሜሪካኖች በ1890 ባወጡት የቀረጥ ሕግ ከውጭ የሚገባ ዕቃ የተሠራበት አገር እንዲጻፍበት አዘዙ፤ ስለዚህ «እንግላንድ» የሚል ቃል ያለባት ሰንጢ አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ ወዲህ የተሠራች ናት። እስከዚህ ድረስ ከዐድዋ ጋር አይጣላም። ሁለተኛው ግን ይጣላል። የማይዝገውን አረብ ብረት በሼፊልድ ያገኘው ሃሪ ብሪርሊ ነው፤ ዘመኑም 1913 ነው። የጠመንጃ አፈሙዝ እንዳይበላ ብረት ሲፈልግ፣ ሆምጣጤ እንኳ የማይደፍረው ብረት እጁ ገባ። ዐድዋ በ1888 ዓ.ም.፣ በእነሱ 1896 ነው። አሥራ ሰባት ዓመት ይጎድላል።

አሁን ምን ልበል? ኀዘን ቤት ነው። ዝም ብል ልጁ ይሸጣታል፣ ገዢውም ይታለላል፤ ብናገር የቤተ ሰቡን ታሪክ አፈረስኩ። ትንሽ ቆየሁና ነገርኩት። ፊቱ ጠቆረ። «ታዲያ አባቴ ዋሸኝ?» አለ። እኔም «አባትህ የነገሩህ የሰሙትን ነው፤ ምናልባት የአያትህ ሰንጢ ሌላ ነበረች፣ ጠፍታ በዚች ተተክታ ይሆናል» አልኩት። እውነቱን ነው፤ እንዲህ ያለ ነገር በየቤቱ አለ።

የራሴንም ጥፋት አጫወትኩት። አባቴ የተዉልኝን ሰንጢ ላጥባት ብዬ በፈላ ውሃ ዘፍዝፌ አጥንቱ ተሰንጥቆ፣ ምስማሩ ለቆ ቀርቷል። አጥንት የፈላ ውሃ አይወድም። ደረቅ ጨርቅና አንዲት ጠብታ የልብስ ስፌት መኪና ዘይት መገጣጠሚያው ላይ፣ ይበቃል። ቆዳ ሰገባ ውስጥ ዘግታችሁ ለዓመታት አታስቀምጡ፤ ቆዳው እርጥበት ይስብና ብረቱን ያዝገዋል። ስቴይንለስ የሚባለውም ቢሆን ጨርሶ አይዝግም ማለት አይደለም። ሴሉሎይድ የሚባለው የድሮ ፕላስቲክ እጀታ ያለበትን ደግሞ ለብቻው አድርጉት፤ ሲያረጅ የሚወጣው ትነት ጎረቤቱን ሁሉ ያበላሻል። መሳል ካስፈለገ በእጅ ድንጋይ ይሁን፤ በሞተር የሚስሉት ልጆች ስለቱን ግማሽ አድርገው ነው የሚመልሱላችሁ።

ሼፊልድ ዛሬ እንደ ድሮው አይደለችም። በአንዲት ትንሽ ክፍል ብቻውን ሰንጢ የሚሠራ የድሮ ዓይነት ባለእጅ ከነበሩት ስመ ጥሩው ስታን ሾው በ2021 በዘጠና አራት ዓመቱ ዐርፏል። ሥራውን የጀመረው በ1941፣ ገና የዐሥራ አራት ዓመት ልጅ ሳለ ነው።

ልጁ ሰንጢዋን አልሸጠም። ስንጨዋወት ቆይቶ፣ አባቱ በየኀዘኑ ድንኳን ሲተክሉና ሲነቅሉ፣ ገመዱ በዝናብ አብጦ አልፈታ ሲል፣ በዚችው ሰንጢ ይቆርጡት እንደነበር እሱ ራሱ ትዝ አለው። እኔም አስታወስኩ፤ «ቀጭ!» ስትል በጆሮዬ ሰምቻታለሁ። አሁን በአባቱ ምትክ ድንኳን ተካዮቹ ውስጥ ገብቷል። ባለፈው ኅዳር ዝናብ ባልጠበቅነው ቀን ሲመጣብን፣ ከኪሱ ያወጣት እሷን ነበር።